የነገራ ራስና ውሃ ያልጠማው ራዲያተር

መቱ መናኸሪያ ውስጥ የነገራን ራስ ያላከመ ሰው የለም።

ሚኒባሱ ሳይሞላ፣ ነገራ ግንባሩን መሪው ላይ ደፍቶ ሲታይ ሕክምናው ይጀመራል። ከጀርባው የተቀመጠችው ሴት ምች ነው ትላለች፤ ዳማከሴ አሽተህ በአፍንጫህ ሳበው። አጠገቧ ያለው መምህር ደም ግፊት ነው ይላል፤ ጨው ተው። መጨረሻ ወንበር ላይ ዶሮ የታቀፈው ገበሬ "ኢጃ ነማ" ይላል፤ የሰው ዓይን ነው። ጋቢና የገባው ወጣት ከስልኩ ቀና ሳይል መነጽር ያስፈልግሃል ይላል። ከቦርሳዋ ኪኒን የምታወጣ ሴትም አትጠፋም። የኪኒኑን ስም አታውቀውም። "ነጯ ናት፤ እኔን ወዲያው ነው የተወኝ" ትላለች።

ነገራ የተባለውን ሁሉ አድርጓል። ዳማከሴው አስነጠሰው። ጨው ያለበትን ወጥ እየመለሰ ሚስቱን ሻሽቱን አስቀየማት። መነጽር ገዝቶ ሁሩሙ ከተማ ላይ ተቀመጠበት። ኪኒኑን ግን ማንም ይስጠው ማን፣ ያለ ውሃ ይውጠዋል። ኪኒን ያልዋጠበት ቀን ካለ ራሱም አያስታውሰውም። ሕመሙ ግን እየራቀ መሄድ ሲገባው እየቀረበ መጣ።

"ማሎ፣ እባካችሁ ተዉኝ እንጂ!" ይላል በመጨረሻ። "ያዮ የምትሄዱ ከሆነ ተቀመጡ። ማከም የምትፈልጉ ከሆነ ሆስፒታሉ በዚያ በኩል ነው።"

ረዳቱ ደቅሲሳ በሩ ላይ ሆኖ ይስቃል። "ተሳፋሪ አታባር። አንድ ሰው ነው የጎደለን፤ ሐኪምም ቢሆን ይግባ።"

ነገራ የተወለደው ሶር ፏፏቴ አጠገብ ነው። ሌላው ሰው ፏፏቴውን ሊያይ ሲመጣ፣ እሱ የመጡበትን መኪና እያየ አደገ። ስምንተኛ ክፍልን ሳይጨርስ ወደ መቱ ወጣ። ጎማ ነፋ፤ መኪና አጠበ፤ ከዚያ በር ላይ ተንጠልጥሎ "ጎሬ! ጎሬ!" እያለ ዓመታት ቆየ። መንጃ ፈቃድ ያወጣው ሻሽቱን ባገባ ዓመት ነው። አሁን የሚነዳው ነጭ ሚኒባስ የጋሼ ሚፍታህ ነው። ጋሼ ሚፍታህ ከስልጤ መጥተው መቱ ገበያ ውስጥ ቆርቆሮና ምስማር የሚሸጡ ነጋዴ ናቸው። መንዳት አይችሉም። ስለ መኪናቸው የሚያውቁት ነገራ የነገራቸውን ብቻ ነው።

ነገራ ደግሞ ሲዋሻቸው ኖሯል።

አገሩ የሚያውቀው የነገራን ራስ ምታት ነው። ብርሃኑን ግን ማንም አያውቅም። ብርሃኑ ከሕመሙ ቀድሞ ይመጣል። ሲጀምር ትንሽ ነገር ነው፤ ከመንገዱ ላይ አንዲት ነጥብ ትጠፋለች። ከዚያ በጠፋችው ነጥብ ዙሪያ እንደ መጋዝ ጥርስ ያለ ብልጭልጭታ ይነሳና ይሰፋል። መንገዱን በግራ በኩል ይበላዋል። በዚያ በኩል የሚመጣ አይሱዙ፣ ባጃጅ፣ አህያ የሚነዳ ሰው፣ ምንም አይታይም። አንድ ሻይ ተጠጥቶ ለማለቅ የሚፈጀውን ያህል ቆይቶ ይሄዳል። ቀጥሎ በቀኝ ዓይኑና በጆሮው መካከል ያለው ቦታ መምታት ይጀምራል።

መጀመሪያ የመጣበት ከያዮ ወደ መቱ ሲመለስ፣ ጫካው መካከል፣ መኪናው ጢም ብሎ ሞልቶ ነው። ዳር ይዞ አቆመ። ተሳፋሪው ምን ሆነ ሲል ሌላ የሚለው ስላጣ "ፈላ" አለ። ወርዶ የሞተሩን ክዳን ከፈተ፤ ፊቱን ወደ ሞተሩ አዙሮ ዓይኑን ጨፈነ። ደቅሲሳ ጀሪካን ይዞ ወደ ወንዝ ሮጠ። ውሃው ሲመጣ ብርሃኑ አልፎ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ብርሃኑ በመጣ ቁጥር ሞተሩ ይፈላል። ደቅሲሳ ከመቱ እስከ በደሌ ያለውን ምንጭ ሁሉ በጀሪካን ያውቀዋል። ጋሼ ሚፍታህ ራዲያተሩን አስቀየሩ። ፈላ። ማራገቢያውን አስቀየሩ። ፈላ። ሁለተኛ ራዲያተር ከአዲስ አበባ አስመጡ። እሱም ፈላ።

"ምን ዓይነት ፍጥረት ነው ይሄ?" አሉ አንድ ቀን ሱቃቸው በር ላይ ቆመው። "ከቤተሰቤ ሁሉ የበለጠ ውሃ ይጠጣል!"

"ዳገቱ ነው ጋሼ" አለ ነገራ።

"ዳገቱ ለሌላው መኪና ሜዳ ነው?"

ነገራ እውነቱን ቢናገር ቁልፉ ይሄዳል። ዓይኑ የሚጠፋ ሾፌር እጅ ላይ ማን መኪና ያስቀምጣል? ቁልፉ ከሄደ ደግሞ እሱ የሚያውቀው ሌላ ሥራ የለም። ስለዚህ ዝም አለ። ዝም ባለ ቁጥር ግን ጥምዝማዛው መንገድ ላይ ከኋላው የሚያወሩት ሰዎች ድምፅ ይከብደው ጀመር።

በጥቅምት ላይ አማቱ አዴ ዶሪ ከሁሩሙ መጡ። ነገራ አማቱ ፊት ቀና ብሎ አይናገርም። የአገሩ ወግ ነው። ስማቸውን አይጠራም፤ አይከራከራቸውም፤ ያሉትን አይመልስም። አዴ ዶሪ ይሄን ከማንም በላይ ያውቃሉ።

"ደሙ ነው" አሉ ገና ሳይቀመጡ። "እዚህ ጋ አይታየኝም መሰለህ? ከቆዳህ ሊወጣ ምንም አልቀረውም። ጎሬ ኦቦ ሰቦቃ ዘንድ እንሄዳለን። ዋግምት ይያዝልሃል።"

ነገራ መሬት መሬት አየ።

ሻሽቱ ጓዳ ድረስ ተከተለችው። "እናቴን እምቢ ልትላት ነው እንዴ?"

"አላልኩም።"

"ፊትህ ብሏል።"

"ፊቴንማ ተዪው! ፊቴን ነው እኮ የሚያመኝ!"

በማግሥቱ ጎሬ ሄዱ። ደቅሲሳም ተሳፋሪ ይዘን እንመለሳለን ብሎ አብሮ ሄደ። ኦቦ ሰቦቃ ቀንዳቸውንና ምላጫቸውን ጨርቅ ላይ ዘርግተው ጠበቁ። ዋግምት የሚይዙት ማጅራት ላይ ነው፤ በምላጭ ጫር ጫር ያደርጉና ቀንዱን ደፍተው ደሙን ይስባሉ። ነገራ አንገቱን ደፍቶ ማጅራቱን ሰጣቸው።

"እዚያ ምን አለው?" አሉ አዴ ዶሪ። "የሚመታው እዚህ ነው።" ጣታቸውን በነገራ ቀኝ ዓይንና ጆሮ መካከል አሳረፉ። የደም ስሩ ከጣታቸው ሥር ይዘላል።

"እዚህስ ላይ ነክቼ አላውቅም" አሉ ኦቦ ሰቦቃ።

"ሌባው ቤት ውስጥ ቆሞ እያየኸው ጓሮ ለጓሮ ትፈልገዋለህ?"

ኦቦ ሰቦቃ ነገራን አዩት። ነገራ ደቅሲሳን አየ። ደቅሲሳ ጣሪያውን አየ። ሦስት ወንዶች ነበሩ፤ አንዱም እምቢ አላለም። ምላጩ አረፈ።

ደሙ አልፈሰሰም፤ ዘለለ። ከልቡ ምት ጋር እየዘለለ የኦቦ ሰቦቃን ጋቢ መታው። ደቅሲሳ የመኪና መስታወት የሚጠርግበትን ጨርቅ ቁስሉ ላይ ጫነና "ያዘው! አጥብቀህ ያዘው!" እያለ ነገራን ጎትቶ መኪናው ውስጥ ከተተው። ራሱ መሪው ላይ ወጣ። "ሕዝብ አንድ" የሚባለውን የሚኒባስ መንጃ ፈቃድ ካወጣ ሁለት ዓመቱ ነው፤ መኪና የሰጠው ግን አልነበረም። ከጎሬ መቱ ሲደርሱ አንድ ጊዜም ፍሬን አላንገጫገጨም። ነገራ በዚያ ሁሉ ደም መካከል ይሄን አስተዋለ፤ ደስም አላለው።

አዴ ዶሪ ከኋላ ወንበር "ክፉው ደም ወጣ፤ ተመስገን" ሲሉ መጡ።

ሆስፒታል ቁስሉን የሰፋው ሐኪም ዶክተር ጸጋአብ ይባላል፤ ወጣት ነው፤ ሲቆጣ ድምፁ ይቀጥናል። ክሩን ቋጥሮ መቀሱን ሰሃኑ ላይ ወረወረ።

"ደሙ ወጣ። አሁን ራስህን ተሻለህ?"

"አልተሻለኝም።"

"እንዴት ሊሻልህ ይችላል? ና፣ እጅህን አምጣ።" የነገራን ጣት ይዞ የራሱ ዓይንና ጆሮ መካከል አስቀመጠው። "ይመታል?"

"ይመታል።"

"የእኔም ይመታል፤ የረዳትህም ይመታል። እኛን አያመንም። ይሄ የደም ስር ከራስ ቅል ውጭ ነው። አንተን የሚያምህ ውስጥ ነው።"

"አንጎሌ ነው?" አለ ነገራ። ደነገጠ።

"አንጎል ራሱ ሕመም የሚባል ነገር አያውቅም። ብትነካው አይሰማውም። የሚሰማው የለበሰው ስስ ሽፋንና እዚያ ላይ የሚሄዱት የደም ስሮች ናቸው። በየደም ስሩ ላይ ቀጫጭን ነርቭ ተጠምጥሟል። ግንባርህንና ዓይንህን፣ ጥርስህንም ጭምር ከሚያዳምጠው ነርቭ የወጣ ቅርንጫፍ ነው። እሱ ሲቆጣ፣ በሌላ ጊዜ የማይሰማህ የልብ ምት እንደ መዶሻ ይመታሃል። መልእክቱ በአንድ መስመር ስለሚመጣ ደግሞ፣ ከውስጥ ይሁን ከውጭ ጭንቅላትህ አይለየውም። ዓይኔ ጎን ነው ይልሃል።"

"ማን ነው የሚያስቆጣው?"

"ቶሎ የሚቆጣ ሆኖ ነው የተፈጠረው። እንቅልፍ ስታጣ፣ ምግብ ሳትበላ ስትውል…"

"አማት ሲመጣ" አለ ደቅሲሳ ቀስ ብሎ። በሩ ላይ የቆሙት አዴ ዶሪ አልሰሙም፤ ወይም እንዳልሰሙ ሆኑ።

ነገራ አሰበ። "ዳሽቦርዱ ላይ የሙቀት መብራት ይበራል" አለ። "ሞተሩ ግን አልሞቀም። ሽቦው ነው የተላጠው።"

"ልክ ነህ። እንደዚያ በለው።"

"እኛ ደግሞ መብራቱ በራ ብለን ዘይት አፈሰስን።"

"ዘይት አፈሰሳችሁ!" አለ ዶክተሩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። ከዚያ ብዕሩን አነሳ። "ያገኘኸውን ማስታገሻ መዋጥ ከዛሬ ጀምሮ ታቆማለህ። ዕለት በዕለት ሲወሰድ እሱ ራሱ ራስ ምታት ያመጣል። ይሄኛውን ግን ቢያምህም ባያምህም በየቀኑ ትውጣለህ፤ ነርቩን ያበርደዋል። አንድ ነገር ልጠይቅህ። ከሕመሙ በፊት የምታየው ነገር አለ? ብልጭታ? የሚጠፋ ነገር?"

ነገራ ደቅሲሳን አየ። የመኪናው ቁልፍ አሁንም ደቅሲሳ ጣት ላይ ነው።

"የለም።"

"ሾፌር ስለሆንክ ነው የምጠይቅህ።"

"የለም አልኩ እኮ!"

መድኃኒቱ ቤት ከመድረሱ ሻሽቱ ጎረቤታቸው ለሆነች ፋርማሲስት አሳየችው። ተመልሳ መጥታ ነገራ ፊት ቆመች።

"ይሄ የልብ መድኃኒት ነው። ልብህንም ያምሃል?"

"ልቤን አያመኝም።"

"ታዲያ የልብ መድኃኒት ለምን ሰጠህ?"

"ለራስም ይሆናል ብሎኛል።"

"እኔን ነው የሚያመኝ" አሉ አዴ ዶሪ ከማዶ። "ዳገት ስወጣ ልቤ ድው ድው ይላል።" ፓኬቱን ከልጃቸው እጅ ተቀብለው ከነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩት። በማግሥቱ ይዘውት ሁሩሙ ገቡ።

ነገራ አየ። አማቱ ናቸው።

ደቅሲሳ ይሄን ሲሰማ በሩን ለቆ መሬት ላይ ተቀመጠ። "ራስህን ቆረጡህ፤ ዝም አልክ። መድኃኒትህን ወሰዱ፤ ዝም አልክ። መኪናውን ቢጠይቁህስ?"

"አፍህን ዝጋና ጥራ።"

"ያዮ! ያዮ! የሞላ!" አለ ደቅሲሳ። አንድም ሰው አልነበረም።

ስፌቱ በወጣ ሳምንት፣ የያዮ ገበያ ቀን፣ መኪናው ከመጠን በላይ ሞልቶ ነበር። ከነገራ ጀርባ እትዬ ዘውደነሽ ተቀምጠዋል፤ ገበያ ለገበያ እየዞሩ ጨርቅ የሚሸጡ፣ ነገራን በየሳምንቱ የሚያክሙ ሴት ናቸው። ያን ቀን ጠባሳውን ከኋላ እያዩ ማር ይቀባ አይቀባ ከመምህሩ ጋር ይከራከራሉ። ጥምዝማዛው ውስጥ ገቡ። ነገራ የመንገዱን የግራ ጠርዝ አየ። ጠርዙ ላይ ያለው ድንጋይ ጠፋ።

መጀመሪያ ድካም ነው ብሎ ዓይኑን አርገበገበ። ብልጭልጭታው ተነሳ። ከፊት ጡሩምባ ተሰማ፤ ረጅም የአይሱዙ ጡሩምባ። መኪናው ግን አይታይም። ነገራ መሪውን ወደ ቀኝ ጥሎ ፍሬን ረገጠ። የሆነ ትልቅ ነገር በግራ መስኮቱ በኩል፣ እጁን ቢያወጣ በሚነካው ርቀት፣ ነፋስ እያስነሳ አለፈ። ምን ቀለም እንደነበረ እንኳ አላየም።

ሚኒባሱ ቦዩ አፋፍ ላይ ቆመ።

"ደግሞ ፈላ?" አለ ደቅሲሳ። ጀሪካኑን ለማንሳት እጁ ከወንበር ሥር ገብቷል።

ነገራ ሞተሩን አጠፋ።

"ተወው ጀሪካኑን" አለ። "ራዲያተሩ ደህና ነው።"

"እ?"

"ራዲያተሩ ሁልጊዜም ደህና ነበር። ዓይኔ ነው። ራሴን ከማመሙ በፊት ብርሃን ይመጣና ግማሹን መንገድ ያጠፋዋል። አሁን በግራ በኩል ምንም አይታየኝም። አይሱዙውንም አላየሁትም።"

በዚያ መኪና ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚመክር ሰው ጠፋ። ምች ያለ የለም። ጨው ያለ የለም። እትዬ ዘውደነሽ ጨርቃቸውን ወደ ደረታቸው ሰበሰቡ።

"ታዲያ እስከ ዛሬ እንዴት ስትነዳን ነበር?" አሉ።

ነገራ ሁሉም ሰው መጠየቅ የነበረበት ይሄን ነው ብሎ አሰበ። ቁልፉን ነቀለ። ዞሮ ለደቅሲሳ ዘረጋለት።

ደቅሲሳ አልተቀበለም። "ይሄን ሁሉ ዓመት ውሃ ስቀዳ?" አለ።

"አዎ።"

"ገባ የሚባለው ወንዝ ድረስ እኮ ወርጄ አውቃለሁ! አልቅት ይዞኝ ያውቃል!"

"ደቅሲሳ፣ ቁልፉን ያዝ።"

ያዘ። ነገራ ከኋላ፣ ዶሮና ጆንያ መካከል ተቀመጠ። ብርሃኑ ሄዶ መዶሻው ሲጀምር ግንባሩን ፊቱ ያለው ወንበር ላይ ደፋ። ያዮ ሊደርሱ ትንሽ ሲቀራቸው አንድ እጅ ትከሻውን ነካው። አንዲት ሴት ነጭ ኪኒን ይዛለች።

"ይቺን ዋጣት የእኔ ወንድም። እኔን ወዲያው ነው የተወኝ።"

ወሬው ከመኪናው ቀድሞ መቱ ገባ። ጋሼ ሚፍታህ መናኸሪያው በር ላይ ቆመው ጠበቁ። የነገራን ጤና አልጠየቁም።

"ራዲያተሩ ደህና ነበር?"

"ደህና ነበር ጋሼ።"

"መጀመሪያ ያስወጣሁትም?"

"እሱም።"

"የት ነው ያለው?"

"ለቁራሊዮ ሸጠነዋል።"

"ላ ኢላሃ ኢለላህ" አሉ ጋሼ ሚፍታህ። ኮፍያቸውን አውልቀው መልሰው አደረጉ። "ሰው ብትገድልብኝስ ነገራ? ለራዲያተር እበሳጫለሁ፤ እረሳዋለሁ። ሰው ብትገድልብኝ ምን ብዬ ልኖር ነበር?"

"አላውቅም ጋሼ።"

"ቁልፉ ደቅሲሳ ጋ ይቆይ። አንተ በሩን ያዝ። ዶክተሩ ንዳ ሲል ያን ጊዜ እንነጋገራለን። እኔ ዶክተሩን ራሴ እጠይቀዋለሁ፤ ካንተ አፍ አልሰማም።"

ነገራ ለዶክተር ጸጋአብ ስለ ብርሃኑ ነገረው። "ጠይቄህ ነበር" አለ ዶክተሩ። "ጠይቀኸኝ ነበር" አለ ነገራ። በዚሁ አለቀ። መድኃኒቱ እንደገና ታዘዘለት። ማስታገሻውን ሲተው የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከበፊቱ የከፉ ነበሩ፤ ሻሽቱ በሩን ዘግታ ጎረቤት ታባርርለት ነበር። ከዚያ ሕመሙ እየተራራቀ መጣ። ብርሃኑ ግን ጨርሶ አልተወውም፤ አንዳንዴ በሩ ላይ ቆሞ ሰው ሲጠራ ይመጣል። በር ላይ ሆኖ ሲመጣ ማንንም አይገድልም። ነገራ በጉርምስናው ትቶት የሄደው በር ላይ መመለሱ ያንገበግበዋል፤ ደቅሲሳ በመስታወቱ እያየ "ረዳት፣ በሩን አጥብቀህ ዝጋ" ሲለው ደግሞ ይብሳል።

ጥር ላይ ሁሩሙ ሲቆሙ አዴ ዶሪ ተሳፈሩ። የልጃቸውን ባል በሩ ላይ ሲያዩት ከንፈራቸውን መጠጡ። የልብ መድኃኒቱን ጥቂት ቀን ውጠውት፣ ራሳቸውን ሲያዞራቸው የዶሮ አጥር ውስጥ ጥለውታል ተብሎ ተሰምቷል። መሃል ወንበር ላይ ተደላድለው ነጠላቸውን አስተካከሉ።

"ነገራ" አሉ መኪናው ሙሉ እየሰማ። "ሰቦቃ አልቻለበትም። እጁ ፈርቷል። በደሌ ሌላ ሰው አለ አሉኝ። በግራ በኩል ነው የሚይዘው። ለማክሰኞ ነግሬልሃለሁ።"

ነገራ በሩን እንደያዘ ቆመ። በቀኝ በኩል ያለው ጠባሳ አሳከከው። መሬት መሬት ማየት ጀምሮ ነበር፤ መሬቱ ላይ ግን የቆመበት የበሩ ደረጃ ብቻ ነው የሚታየው።

"እምቢ፣ አዴ" አለ።

ሻንጣ የሚያስተካክለው ሰው እጁ ባለበት ቀረ። ደቅሲሳ በመስታወቱ አየ። አንድ ሽማግሌ በኦሮምኛ የአማትን ወግ የጣለ ዘመን ብለው አጉረመረሙ። አዴ ዶሪ የተናገረው ሌላ ሰው ይሆናል ብለው ወደ ኋላ ዞረው ፈለጉ፤ አልነበረም።

"ምን አልክ?"

"እምቢ አልኩ። አልቆረጥም። መድኃኒቴንም አልሰጥም።" ቀጥሎ በሩን ሁለት ጊዜ መታ። "ሂድ ደቅሲሳ። እናንተም ጠጋ ጠጋ በሉ፣ አንድ ሰው ይገባል።"

መኪናው ተነሳ። ጥቂት እንደሄዱ አዴ ዶሪ አጠገባቸው ወደተቀመጠችው ሴት ዘንበል አሉ።

"ምች ነው" አሏት።

"ይመስላል" አለች ሴትየዋ፣ ቦርሳዋን እየከፈተች።